አሥራ ሰባት ቁጥር ካሴት

ዴኩ ካሴቱን በላው።

ሪሐብ ድምፁን የሰማችው ከወጥ ቤት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። የሩዙን ማንኪያ እንደያዘች ወደ ሳሎን ሮጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ በጥቁርና ነጭ ቆማ የነበረችው ሴት መጀመሪያ ወገቧ ላይ ተጣመመች፣ ቀጥሎ ለሁለት ተከፈለች፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

"ዛሬ አይደለም!" ብላ ጮኸችበት ዴኩ ላይ፣ በአማርኛ። "ነገ ብላው። ከፈለግክ ከነገ ወዲያ አርባ አንዱንም ብላቸው። ዛሬ ግን አይደለም!"

ሶኬቱን ነቅላ፣ ክዳኑን በቢላ ጫፍ ከፍታ፣ ካሴቱን ቀስ ብላ ስታወጣው ጥቁሩ ክር እንደ አንጀት እየተጎተተ ተከተለው። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "17" የሚል ተጽፎበታል። ካሉት አርባ አንድ ካሴቶች ዛሬ የፈለገችው አንዱን፣ ከእሱም ውስጥ አንዲት ቦታ ብቻ ነበር። ክሩ የተጨማደደው እዚያችው ቦታ ላይ ነው።

ሰዎቹ ሊመጡ አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

አጂ ከወንበራቸው ሆነው ሰማያዊውን ስክሪን ያያሉ። ስማቸው ሳቪትራማ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከደቡብ ህንድ፣ ማይሶር ከምትባል ከተማ መጥተው ሆሎዌይ ውስጥ አርባ ስድስት ዓመት ኖረዋል። "አጂ" በቋንቋቸው፣ በካንናዳ፣ "አያቴ" ማለት ነው፤ ሪሐብ ስትጠራቸው ዞር የሚሉት በዚህ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ልብስ እየሰፉ ሲያወሩበት የኖሩትን እንግሊዝኛ፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም ጠርጎ ወሰደው። ግራ እጃቸውንም አብሮ። ካንናዳው ቀርቷል፤ እሱም ቢሆን ከተደበቀበት የሚወጣው የድሮ ፊልም ሲከፈት ነው።

ዛሬ የሚጠየቀው ነገር ሲናገሩት አጭር ነው። አጂ እዚህ ቤት ይቀመጣሉ ወይስ ሬዲንግ ከተማ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ? የሚፈልጉትን ራሳቸው መናገር ከቻሉ ይደመጣሉ። ካልቻሉ ሌላ ሰው ይናገርላቸዋል። ያ ሌላ ሰው ልጃቸው ማንጁናት ነው፤ ማመልከቻውን የፈረመውም እሱ ነው።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ቶይባ ናት።

"ደረሱ?"

"አልደረሱም። ዴኩ ካሴቱን በላው እማዬ።"

"በጣትሽ አጠንጥኚዋ። እኔ ድሬዳዋ ሳለሁ ስንቱን ካሴት ነው በእስክሪብቶ ያዳንኩት።"

"ያ የዘፈን ካሴት ነው። ይሄ ጡብ ያህላል።"

"ይብላኝ ለሱ። ስሚኝ፣ የቀጠረሽ ቢሮ ምን አለሽ?"

"ስትጠየቂ ብቻ መልሺ አሉኝ።"

"እንግዲያው ስትጠየቂ ብቻ መልሺ። በዚህ አፍሽ የተነሳ ዘንድሮ ስንት ደንበኛ ወሰዱብሽ?"

"ሁለት።"

"ሦስት!"

"ሦስተኛው ሞቶ ነው እማዬ።"

"አላህ ይማረው፤ እሱም ሳይጨቃጨቅሽ አልሞተም። በይ ዋጥ አድርጊያት ምላስሽን። ሴትዮዋ ዘመድሽ አይደሉም፤ ሥራሽ ናቸው።"

ሪሐብ ስልኩን ዘግታ ክሩን በትንሿ ጣቷ ማጠንጠን ጀመረች። ምላሷ ግን አልተዋጠም፤ ለእናቷ የሚመለስ አራት ዓይነት መልስ አዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል።

ዘመድ አለመሆናቸውን ማንም ሊነግራት አይገባም። የመጀመሪያው ወር ላይ አጂ የቀረበላቸውን ሁሉ በቀኝ እጃቸው ይገፉ ነበር። ከቢሮው የሚላኩት ሌሎቹ ተንከባካቢዎች "ጎበዝ ልጅ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺ" እያሉ፣ አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሴት ልብስ ስፌት ያስተማሩትን ሴትዮ ሕፃን ያደርጓቸዋል። ሪሐብ አንድ ቀን አንሶላ ስታነጥፍ አልጋው ሥር ሻንጣ አገኘች። ውስጡ አርባ አንድ ቪዲዮ ካሴት። ሟቹ ባላቸው እሑድ እሑድ የትምህርት ቤት አዳራሽ እየተከራዩ ለአገራቸው ሰዎች የሚያሳዩት ፊልም ነበር፤ ሁሉንም በገዛ እጃቸው ቁጥር ሰጥተውታል። ሪሐብ ከሆሎዌይ ሮድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ቤት ዴክ ገዝታ መጣች። የመጀመሪያው ፊልም እንደተከፈተ ጥቁርና ነጯ ተዋናይ አፏን ሳትከፍት አጂ ከፈቱ፤ ንግግሯን ቀድመው አሉት። ከዚያ ሩዛቸውን በሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሪሐብ የሚከፈላት አርባ አምስት ደቂቃ ካለቀ በኋላም ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። ፊልሞቹ አይቸኩሉም። ሰውየው አንድ ቃል ከተናገረ ያችን ቃል ይዞ ይቆማል። ካሜራው እንባ ተፈጥራ፣ ወርዳ፣ አገጭ ላይ እስክትደርስ ይጠብቃል። እናቷ ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ገብታ ያልተተረጎመ የህንድ ፊልም ስታይ አዳራሹ በሙሉ ያለቅስ እንደነበር ስታወራ ሪሐብ ትስቅባት ነበር። አሁን አትስቅም። እናቷ ግን "የካንናዳ ፊልም" ስትላት፣ "ካናዳ በረዶ እንጂ ፊልም አለው እንዴ?" ብላ እስካሁን ትስቅባታለች።

ሪሐብ ደብተር ያዘች። አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ እንግሊዝኛን ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰችው መጽሐፍ ለራሷ እንዳስተማረች ሁሉ፣ ካንናዳን ከቴሌቪዥን ራሷን አስተማረች። የሰማችውን በፊደል ትጽፋለች፤ ፊደሉም ለዚያ ቋንቋ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለላት። ሁለት መቶ ቃል ደረሰች። ችግሩ ፊልሞቹ የነገሥታትና የመበለቶች ታሪክ ናቸው። አንድ ቀን ደም ልትወስድ የመጣች ካንናዳ ተናጋሪ የባንጋሎር ነርስ ሪሐብ አጂን ውሃ ስታጠጣቸው ሰምታ ከሣቅ ብዛት ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

"ምን እንዳልሻቸው ታውቂያለሽ? 'ጥምዎ ይረካ ዘንድ ይህን ከእጄ ይቀበሉ' ነው ያልሻቸው! እንዲህ የሚያወራ ሰው ከሞተ ስልሳ ዓመቱ ነው!"

ሪሐብ ሳምንት ሙሉ ተቀየመች። በኋላ ግን "ጎበዝ ልጅ" ከማለት ይሻላል ብላ ቀጠለች።

የበሩ ደወል ጮኸ።

ክሩ ግማሹ ብቻ ነው የተጠነጠነው። ካሴቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ከፈተች። ከካውንስሉ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ የመጣችው ሴት ማርሲያ ትባላለች፤ ብሪክስተን ያደገች፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ዝናብ የመታው ፋይል በክንዷ የያዘች። ከኋላዋ ማንጁናት ገባ። ጎንበስ ብሎ የእናቱን እግር ነካ፤ እንደተቃና ዓይኑ ወደ ምድጃው ሄደ። በመጋቢት ወር ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሮ የእሳት አደጋ ሰዎች በሩን ሰብረው ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በስልክ ደወል ይደነግጣል። ሪሐብ ልትጠላው ብዙ ሞክራለች፤ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት አላስጠላት አለ።

ማርሲያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገች። "አስተርጓሚው መስመር ላይ ነው።"

"ናማስቴ" አለ ስልኩ፤ ቀጥሎም ረጅም ነገር ተናገረ።

አጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሪሐብ ከንፈሯን ነከሰች። ስትጠየቂ ብቻ። ስልኩ ደገመ። አጂ የሹራባቸውን ቁልፍ ማሻሸት ጀመሩ።

"ይቅርታ" አለች ሪሐብ፤ አፏ ከሷ ቀድሞ። "ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ሂንዲ ነው። የሳቸው ካንናዳ ነው።"

ማርሲያ ፎርሟን አየች። "እዚህ ላይ 'ህንዳዊት' ነው የሚለው።"

"እኔንም አፍሪካዊት ነሽ ብለው ስዋሂሊ አስተርጓሚ ቢያመጡልኝ ግድግዳውን ነው የማየው።"

ማንጁናት ጉሮሮውን ጠራረገ። ማርሲያ ግን ልትስቅ ትንሽ ቀራት። ስልኩን አመስግና ዘጋች።

"የካንናዳ አስተርጓሚ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የሚወሰንበት ስብሰባ ደግሞ ሐሙስ ነው" አለች፤ ወደ ማንጁናት ዞረች። "እርስዎ ይጠይቁልኝ። ጠያቂው እርስዎ እንደሆኑ ግን እጽፋለሁ።"

ማንጁናት ወንበሩን አስጠግቶ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃቸው። ሪሐብ "ቤት" የሚለውን ቃል ሰማች፤ "ከእኔ ጋር" የሚለውንም። አጂ ከረባቱን አዩት፤ አቃኑለት፤ ምንም አላሉም። ሁለተኛ ጠየቃቸው። ሦስተኛ። ድምፁ እየተሰበረ ሄደ።

"አያችሁ?" አለ በመጨረሻ። "እኔ ክፉ ልጅ አይደለሁም። ግን እዚህ ውስጥ ማን እንዳለ አላውቅም። አንድ ቀን ተቃጥላ ከማገኛት..."

ማርሲያ መጻፍ ጀመረች። ሪሐብ ገልብጣ ማንበብ ታውቃለች፤ በየቢሮው መስኮት ቆማ ስታድግ የተማረችው ነገር ነው። "ለጥያቄው ምላሽ አል..." እስክሪብቶው ቀጣዩን ፊደል ሊጽፍ ነው።

ሪሐብ ተነሥታ አጂ ፊት ቆመች። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንደ ወንድ አወፍራ፣ በካንናዳ፣ "ቤቱን ልቀቂ! ጋሪው ደጅ ቆሟል!" አለች።

የአጂ ጀርባ ቀና አለ። ቀኝ እጃቸው የወንበሩን ክንድ የበር መቃን እንደሚይዝ ሰው ጨብጦ ያዘ። ከዚያች አንድ ፍሬ ሰውነት ይወጣል ተብሎ በማይጠበቅ ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ።

ታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ።

"ምን አሉ?" አለች ማርሲያ።

ማንጁናት ተረጎመ። "'ቁልፉን ውሰዱ። በሩ እኔ ነኝ' አለች።"

ማርሲያ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች። አዲስ መስመር ጀምራ፣ የሰማችውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፈችው። "ሃያ ሁለት ዓመት ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ የሰጠኝ የለም" አለች።

የሪሐብ ልብ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ቆመ፤ ማንጁናት ግንባሩን ቋጥሮ እያያት ነው።

"ጋሪ?" አለ። "'ጋሪው ደጅ ቆሟል' ነው ያልሻት። የምን ጋሪ?"

ማርሲያም ቀና አለች። "አዎ፣ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?"

ይኸው ተጠየቀች። "የት መኖር እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው" ብትል ያልቃል። ሰውዬው ጋሪውን ያነሳል፣ እሷ ደግሞ "ካንናዳዬ ደካማ ነው" ትላለች፤ ማን ይከራከራታል? ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ እውነተኛው አስተርጓሚ ይመጣል። ያኔ ነገሩ ቢታወቅ አጂ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ፣ "አመመኝ" ቢሉም "ራበኝ" ቢሉም፣ ፊልም ይባላል። የሳቸውን አንድ ቃል ለማትረፍ ሌላውን ሁሉ መግደል ነው። ደግሞም ሪሐብ በሕይወቷ ብዙ ነገር ተብላለች፤ አጭበርባሪ ግን ማንም ብሏት አያውቅም።

"ፊልም ነው" አለች።

"ምን?"

"አሥራ ሰባት ቁጥር። አንዲት መበለት አለች፤ ባሏ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ጋሪ ይዞ ሊያስወጣት ይመጣል። እኔ ያልኩት የሱን ነው። እሳቸው የመለሱት የሷን። በየቀኑ እንደዚህ ነው የሚመልሱት። ዛሬ ጠዋት ዴኩ ካሴቱን ባይበላው ኖሮ ፊልሙ ራሱ ይጠይቅልኝ ነበር።"

ማንጁናት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ይኸው! በቀቀን ሆናለች እያልኳችሁ ነው። የሰማችውን ነው የምትደግመው!"

ማርሲያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት የነበረው ፊቷ ተዘጋ።

"በቀቀን የሰማውን ሁሉ ይደግማል" አለች ሪሐብ። "አጂ ግን ይመርጣሉ። ሠላሳ ቁጥር የሚባል ሌላ ፊልም አለ። አንድ ልጅ ከከተማ በባቡር መጥቶ እናቱን ይወስዳታል። ስትሳፈር፣ 'ልጄ ያለበት ሁሉ ቤቴ ነው' ትላለች። ያንንም ፊልም ከሥር እስከ ጫፍ ያውቁታል፤ ዘፈኑን ሁሉ ያንጎራጉሩታል። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው 'ቤዳ' ይላሉ። 'አልፈልግም' ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የእናትየዋን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።"

ማንጁናት እጁን ከፊቱ አወረደ። "ሠላሳ ቁጥር..." አለ ቀስ ብሎ። "አባቴ ሁልጊዜ የሚያለቅስባት ናት።"

"ይሄን ያየሽው አንቺ ነሽ" አለች ማርሲያ። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። "እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።"

ሪሐብ ሻንጣውን ስባ ሠላሳ ቁጥርን አወጣች። አሥራ ሰባትን ክሩ እንደተንዘረዘረ ከመስኮቱ ሥር አነሣች። አንዱንም ማጫወት አያስፈልግም፤ አጂ ቁጥሮቹን ያውቋቸዋል፤ የባላቸው እጅ ጽሑፍ ነው። ግን ደግሞ መጥፎ ቀን አላቸው። በመጥፎ ቀን ሁሉንም ይወረውራሉ፣ ወይም ዝም ብለው ጣሪያውን ያያሉ። የዛሬው ቀን ምን ዓይነት እንደሆነ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

ተንበረከከች። የአጂ ግራ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ሞቶ ተኝቷል፤ የሚያነሣው ቀኙ ነው። አሥራ ሰባትን በቀኝ በኩል ብታደርገው እጃቸው መጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል። ማርሲያ ይህን አታውቅም። ልጁም ልብ አይልም። ሪሐብ ብቻ ናት በየቀኑ ኩባያውን በቀኝ የምታስቀምጠው።

ሠላሳን በቀኝ ጉልበታቸው ላይ አደረገችው። አሥራ ሰባትን በግራ፣ በሞተው እጅ አጠገብ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ እጆቿን ጀርባዋ ላይ አጣመረች።

አጂ ጉልበታቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ቀኝ እጃቸው ተነሣ፤ ሠላሳ ቁጥር ላይ አረፈ። ያዙት። ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ማርሲያ እስክሪብቶዋን አነሣች።

አጂ በቀይ የተጻፈውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው አንዴ ዳበሱት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ካሴቱን ለልጃቸው ሰጡት።

"ቤዳ" አሉት፤ በቁጣ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምሳ ዕቃ እንደሚያስይዙት ዓይነት።

ተቀበላቸው። እሳቸው ወደ ግራ ተንጠራሩ፤ ጎናቸው ተጣመመ፣ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ማንጁናት ሊያግዛቸው ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ቁጥርን ከነተንዘረዘረ ክሩ ጎትተው ጭናቸው መሃል ከተቱት፤ ቀኝ እጃቸውን በላዩ ከደኑበት።

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አለች ማርሲያ፤ ዓይኗ ሪሐብ ላይ ነው።

አሁን ተጠይቃለች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም፣ በቤተ መንግሥት ካንናዳም አልቆ ደቅቆ ተዘጋጅቷል። ሪሐብ ማንጁናትን አየችው። ሠላሳ ቁጥርን በሁለት እጁ ይዞ የአባቱን ጽሑፍ እያነበበ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ሪሐብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከአጂ ጣቶች ሥር ያመለጠውን ክር ይዛ፣ የተጨማደደውን በጥፍሯ እያቃናች፣ በትንሿ ጣቷ ማጠንጠን ጀመረች። ተጠይቃ ዝም ስትል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

ማርሲያ ጠበቀች።

"እኔ ልንገርሽ" አለ ማንጁናት።